ለፋንታሲና ለሳይንሳዊ ልቦለድ ዓለም የሥልጣን መዋቅር እንዴት ይሠራል?

ፋንታሲ ወይም ሳይንሳዊ ልቦለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው ካርታና ንጉሥ ነው። ካርታው ላይ ተራራና ወንዝ ይሰፍራል፤ ንጉሡም ስምና ዘውድ፣ ከጎኑም አንድ ተንኮለኛ አማካሪ ይሰጠዋል። ጥቂት ምዕራፍ ከተጻፈ በኋላ ግን ታሪኩ ይደርቃል። ንጉሡ «ያዙት» ሲል ሰው ይታሰራል፣ «ልቀቁት» ሲል ይለቀቃል። ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰው ስሜት ላይ ስለተንጠለጠለ አንባቢው የሚመጣውን መገመትም ሆነ መስጋት አይችልም።

እዚህ የማቀርበው አሠራር የሚነሣው ከታች፣ ትእዛዙን በእጁ ከሚፈጽመው ሰው ነው። ሥልጣን ማለት አንዱ ሲያዝ ሌላው መፈጸሙ ነው። የሚፈጽመው ሰው ለምን እንደሚፈጽም ካወቃችሁ መቼ እንቢ እንደሚልም ታውቃላችሁ፤ ታሪካችሁ የሚነሣው ከዚያ እንቢታ ነው። ለማሳያ አንዲት ከተማ አብረን እንሥራ። ስሟን ጥልቂት እንበላት፤ በአንዲት በረዷማ ጨረቃ ሆድ ውስጥ የተቆፈረች፣ 40,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከእውነተኛው ታሪክ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. ያለ እሱ የማይኖርበትን ነገር ምረጡ

በዓለማችሁ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚፈልገውን፣ ግን እንደ ልብ የማይገኘውን ነገር ጻፉ። አየር፣ ውሃ፣ እህል፣ ነዳጅ፣ የመርከብ መንገድ፣ መድኃኒት ወይም አስማት ሊሆን ይችላል። ከአንድ እስከ ሦስት ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ አንባቢው ይምታታበታል። ከእያንዳንዱ ሥር አራት ጥያቄ መልሱ፦ ከየት ይመጣል? ማን ይሠራዋል? ማን ያጓጉዘዋል? ማንስ ሊያቋርጠው ይችላል? ለአራተኛው ጥያቄ መልስ የሆነው ሰው፣ ማዕረግ ኖረውም አልኖረው፣ ከገዢዎቹ አንዱ ነው።

የፈረንሳይ ነገሥታት ጋቤል የሚባል የጨው ግብር ነበራቸው። ጨው ሥጋና ዓሣ ለማቆየት ግድ ነው፤ በአንዳንድ ክፍላተ ሀገር ሕዝቡ በየዓመቱ የተወሰነ ጨው እንዲገዛ ይገደድ ነበር። ግብሩ ከቦታ ቦታ በጣም ስለሚለያይም ጨው በድብቅ የሚያሻግሩ ሰዎችና እነሱን የሚያሳድዱ ጠባቂዎች ተፈጠሩ። ግብሩ የተሻረው አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በ1790 ነው። ከአንድ ጨው ብቻ ስንት ገጸ ባሕርይ እንደወጣ አስተውሉ፦ ግብር ሰብሳቢው፣ ኮንትሮባንዲስቱ፣ ጠባቂው፣ ጨው ደብቃ የምትይዘው እናት። አራቱም ስለ ንጉሡ የሚያስቡት የተለያየ ነው።

ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ያሳተመው «ዱን» መሠረቱ ይኸው ነው። በፕላኔቶች መካከል የሚደረገው ጉዞ በአንድ ማኅበር እጅ ነው፤ የማኅበሩ መርከብ መሪዎች ያለ አንድ ቅመም መንገድ ማግኘት አይችሉም፤ ቅመሙ ደግሞ የሚገኘው በአንዲት ፕላኔት ላይ ብቻ ነው። ይህን ያወቀ አንባቢ ንጉሠ ነገሥቱ ለምን እንዳሻው ማዘዝ እንደማይችል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በጥልቂት የሚያጥረው አየር ነው። በረዶ ይቀልጣል፣ ውሃው በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ይከፈላል። ማሽኖቹ የአስተዳዳሪው ናቸው። በማሽኖቹ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ግን በየጊዜው ያልቃል፤ የሚሠራው በአንድ ወርክሾፕ ብቻ ሲሆን አሠራሩን የሚያውቁት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ከተማዋ ምክር ቤት፣ ሰንደቅ ዓላማና ፍርድ ቤት አላት። ሆኖም ዘጠኙ ሰዎች ልጆቻቸውን ለማን እንደሚድሩ ምክር ቤቱ እንቅልፍ አጥቶ ይከታተላል።

ዓለማችሁ አስማት ካለው፣ ስለ ድግምቱ ዓይነት ከመጨነቃችሁ በፊት አስማቱ የሚገኝበትን መንገድ ወስኑ። የመንግሥቱ ቅርጽ የሚወጣው ከዚያ ነው። በዘር የሚወረስ ከሆነ ጋብቻ ዋናው ፖለቲካ ይሆናል፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም የአገር ጉዳይ ነው። በትምህርት የሚገኝ ከሆነ በሩ ትምህርት ቤቱ ነው። ቻይና እስከ 1905 ድረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሹማምንቷን በፈተና ስትመርጥ ኖራለች። ፈተናው በሕግ ለብዙ ሰው ክፍት ነበር፤ ነገር ግን እርሻ ሳይነካ ዓመታት ሙሉ የሚያጠና ልጅ ቀልቦ ማኖር የሚችለው ሁሉም ቤተሰብ አልነበረም። የእናንተ የአስማት ትምህርት ቤትም ክፍያ ባይጠይቅ እንኳ ይህን ዋጋ ያስከፍላል። አስማቱ በዕቃ ውስጥ ከሆነ ስርቆት አብዮት ነው። ከመንፈስ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ መንፈሱ ምን እንደሚወድ የሚናገረው ሰው ይገዛል።

በዚህ ደረጃ አንድ የማይዘለል ጥያቄ አለ። ከእጁ እሳት የሚያወጣ ሰው፣ እሳት ለማያወጣ ንጉሥ ለምን ይሰግዳል? በግብፅ ሱልጣኖች ባሪያ አድርገው የገዟቸውንና ለጦርነት ያሠለጠኗቸውን ማምሉኮች ጠባቂ አደረጓቸው፤ በ1250 ማምሉኮቹ ዙፋኑን ራሳቸው ያዙና እስከ 1517 ገዙ። ለአስተዋይ አንባቢ የሚበቃ መልስ ከሌላችሁ አስማተኛውን አንግሡትና ታሪኩን ከዚያ ጀምሩ። የተሻለ ታሪክ ይወጣችኋል።

2. አንድ ትእዛዝ እስከ ታች ተከተሉ

ለእኔ ከሁሉም የላቀው ደረጃ ይህ ነው፤ ለሌላው ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ ይህን ሥሩት።

የጥልቂት ሦስተኛ ሠፈር ግብር አልከፍልም አለ እንበል። አስተዳዳሪው «የሠፈሩ አየር በግማሽ ይቀነስ» ብሎ አዘዘ። አየሩ ግን በቃል አይቀነስም። ጸሐፊው ይጽፈዋል፤ ተረኛው መሐንዲስ ይፈርማል፤ መልእክተኛ ይዞት ይወርዳል፤ በመጨረሻ አንዲት ሴት ቫልቩን ታዞራለች። ወረቀት አውጡና እነዚህን ሰዎች በተርታ ጻፏቸው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ትእዛዙን ቢፈጽም የሚያገኘውን፣ ባይፈጽም የሚደርስበትን፣ እንዲሁም እዚያ ሠፈር ውስጥ ማን እንዳለው አስፍሩ። ከዚያ የመጨረሻዋን ሰው አናግሯት።

መልእክተኛው ወረቀቱን ዘረጋላት።

«ግማሽ ነው እትዬ። አሁኑኑ ብለዋል።»

«ማኅተሙ የታል?»

«አስተዳዳሪው በቃላቸው ነው ያዘዙት። ይቸኩላሉ።»

«አባቴም በቃል ታዞ ነው የዘጋው» አለች፣ እጇን ከቫልቩ ላይ አንሥታ። «ሰዎቹ ሲሞቱ ያዘዘው ሰው አላዘዝኩም አለ። የተሰቀለው አባቴ ነው። ሂድና ማኅተም አምጣልኝ፣ ልጄ።»

ከተማዋ ማኅተም እንደምታከብር፣ ሹማምንቷ ግን በቃል ማዘዝ እንደሚመርጡ፣ ለምን እንደሚመርጡም አሁን ታወቀ። ከዚህ በፊት ሰው በአየር እጦት መሞቱ ታወቀ። የቫልቭ ሠራተኞች ሥራቸውን ብቻ ሳይሆን ቂማቸውንም ከወላጆቻቸው እንደሚወርሱ ታወቀ። መልእክተኛው ወደ ላይ ሲመለስ አስተዳዳሪው ወይ ማኅተሙን አድርጎ በገዛ ስሙ ይጠየቅበታል፣ ወይ ሌላ ቫልቭ የሚያዞር ሰው ይፈልጋል። ሁለቱም መንገድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ወሬ ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጣም አስቡ። ገዢ ያላወቀውን ሊያዝበት አይችልም። እንግሊዝን በጦር የያዘው ዊልያም በ1085 መሬቱን፣ ከብቱንና ገበሬውን አስቆጠረ፤ ውጤቱም በ1086 «ዱምስዴይ» በተባለው መዝገብ ሰፈረ። በዓለማችሁ ማን ይቆጥራል? ማንስ ሲቆጠር ይደበቃል? ቁጥሩን የሚያዛባ ትንሽ ጸሐፊ ከአንድ ሙሉ ሠራዊት የበለጠ ታሪክ ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

3. ርቀትን በጊዜ ለኩ

ካርታችሁ ላይ ኪሎ ሜትር አትጻፉ፤ ትእዛዝ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ጻፉ። ከምድር ወደ ጨረቃ የሬዲዮ መልእክት የሚፈጅበት ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ያለፈ ነው። ወደ ማርስ፣ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለፀሐይ ቅርብ ወደሆነችው ኮከብ ወደ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ደግሞ ከ4 ዓመት በላይ ነው፤ ጠይቆ መልስ ለመስማት ከ8 ዓመት ያልፋል። ጨረቃ ላይ ያለ ሹም በየሰዓቱ ሊታዘዝ ይችላል። ማርስ ላይ ያለው አደጋ ሲደርስበት ራሱ ይወስንና በኋላ ያስታውቃል። ፕሮክሲማ አጠገብ ያለው በስም ሹም ይባል እንጂ በሥራው ንጉሥ ነው። ከብርሃን የሚፈጥን መርከብ ከፈጠራችሁ ደግሞ ወዲያው የመርከቡን ባለቤት ወስኑ፤ ግዛቱን አንድ አድርጎ የያዘው እሱ ነው።

በእውነተኛው ዓለም አሜሪካና ብሪታንያ ዲሴምበር 24 ቀን 1814 ጌንት ከተማ ላይ የሰላም ውል ተፈራረሙ። ወሬው ውቅያኖሱን ሳይሻገር ጃንዋሪ 8 ቀን 1815 ኒው ኦርሊንስ አጠገብ ከባድ ውጊያ ተደረገ። የስፔን ንጉሥ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የሾማቸው ሰዎችም ከሩቅ የመጣ ትእዛዝ ለአገሩ አይሆንም ብለው ሲያምኑ የሚናገሩት የታወቀ ቃል ነበራቸው፦ «እታዘዛለሁ፣ ነገር ግን አልፈጽምም።» የንጉሡን ክብር ሳይነኩ ትእዛዙን ያዘገዩታል። ለሩቅ ፕላኔት ገዢ ከዚህ የተሻለ ንግግር ማግኘት ይከብዳል።

ማዕከሉ እጁን አጣጥፎ እንደማይቀመጥም አትርሱ። ጃፓንን ይገዙ የነበሩት የጦር አለቆች፣ የቶኩጋዋ ሾጉኖች፣ በ1635 ባወጡት ሥርዓት መሠረት ታላላቅ ባለ ግዛቶች አንዱን ዓመት በግዛታቸው፣ አንዱን ዓመት በሾጉኑ መቀመጫ በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) እያፈራረቁ ይኖሩ ነበር። ወደ ግዛታቸው ሲመለሱ ሚስትና ልጆቻቸው ኤዶ ይቀራሉ። ጉዞው ከነአጀቡና ሁለት ቤት ማስተዳደሩ ለጦር ሊውል የሚችለውን ገንዘብ ይበላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ መያዣ ነው። ሰይፍ ሳይመዘዝ ስንቱ እንደታሰረ እዩ። የእናንተ ንጉሠ ነገሥትም ሩቅ ያሉ ሹማምንቱን የሚይዝበት እንዲህ ያለ አንድ ዘዴ ይኑረው። ኤዶ ውስጥ እንዳደጉት ልጆች ያለ፣ የአባቱን አገር በወሬ ብቻ የሚያውቅ ወራሽ ለልቦለድ እጅግ የተመቸ ሰው ነው።

4. ገዢው ዛሬ ማታ ቢሞት ማን ይተካል?

የአተካኩን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከሥሩ ሕጉ የሚጎዳቸውን ሦስት ሰዎች አስቀምጡ። ሕጉ ግልጽ ካልሆነ ጦር የያዘው ይወስናል። ሮም ውስጥ በ193 የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂዎች ራሱን ንጉሠ ነገሥቱን ፐርቲናክስን ገደሉና ዙፋኑን የበለጠ ገንዘብ እከፍላለሁ ላለ ሰው አሳልፈው ሰጡ። ዙፋኑን በገንዘብ ያገኘው ዲዲየስ ዩልያኑስ የቆየበት 66 ቀን ብቻ ነው።

ሕጉ ግልጽ ሲሆንም ደም ሊያፈስ ይችላል። ኦቶማናዊው ሳልሳዊ መሐመድ በ1595 ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን አስገደለ። ቀጥሎ በመጣው ዘመን መሳፍንቱ መገደላቸው እየቀረ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተዘግቶባቸው መኖር ጀመሩ፤ አዲሱ መንገድ ከፊተኛው የዋህ ይመስላል፣ ነገር ግን ከክፍል ወጥቶ የማያውቅ ሰው ድንገት ግዛት እንዲረከብ ያደርጋል። አንድን ጭካኔ ለማስቀረት የተፈጠረ መፍትሔ ሌላ ችግር ሲወልድ ማሳየት ዓለማችሁ ዕድሜ እንዳላት ያሳምናል።

በተቃራኒው ቬኒስን ተመልከቱ። ከ1268 ጀምሮ ዶጁን (የከተማዋን መሪ) የሚመርጡት ዕጣና ምርጫ እያፈራረቁ ነበር፦ በዕጣ 30 ሰው ይወጣል፣ በዕጣ ወደ 9 ይቀነሳል፣ ዘጠኙ 40 ይመርጣሉ፣ አርባው በዕጣ ወደ 12 ይወርዳሉ፤ እንዲህ እየተባለ በመጨረሻ 41 ሰዎች ዶጁን ይመርጣሉ። ውስብስብነቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ አንድ ቤተሰብ አስቀድሞ ማንን መደለል እንዳለበት እንዳያውቅ ነው። ሥርዓት ስትፈጥሩ ከየትኛው ፍርሃት እንደተወለደ እወቁ። የቬኒስ ፍርሃት የአንድ ቤት የበላይነት ነበር።

5. ሰዉ ለምን እንደሚያምን ጻፉ

ይህ አጭር ነው፤ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ገዢው «እኔ የምገዛው ስለዚህ ነው» የሚልበት አንድ ታሪክ ይኑረው፣ ያው ታሪክ ደግሞ ለተቃዋሚው በር ይክፈት። በጥንታዊት ቻይና የዡ ሥርወ መንግሥት ሻንግን የጣለው ሰማይ ሥልጣኑን ከክፉ ገዢ ነጥቆ ለደግ ገዢ ይሰጣል በሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ጎርፍና ረሃብ በመጣ ቁጥር ማንም አመፀኛ ያንኑ ቃል ማንሣት ይችላል። በጥልቂት አስተዳዳሪዎቹ «አያቶቻችን የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ሰጧችሁ» ይላሉ እንበል። ታዲያ አየር የሚቀንስ አስተዳዳሪ በራሱ አፍ ተረታ ማለት ነው።

6. እንቢ ማለት የሚችለውን ፈልጉ

የፖላንድ ምክር ቤት አባል የሆነ አንድ ሰው ብቻውን ተቃውሞ ጉባኤውን ሊበትን ይችል ነበር። በ1652 አንድ እንደራሴ ይህን አደረገ፤ ልማዱም እየሰፋ ሄደ። ከጊዜ በኋላ የጎረቤት መንግሥታት አገሪቱ ኃይል እንዳታገኝ ከፈለጉ አንድ እንደራሴ መግዛት በቂ ሆነላቸው። መብቱ በ1791 ሕገ መንግሥት ሲሻር መሽቶ ነበር፤ በ1795 አገሪቱ ተከፋፍላ አለቀች። ነፃነትን እንዲጠብቅ የታሰበ ሥልጣን ለጠላት መሣሪያ ሆነ። ለጠፈር ጉባኤ ወይም ለጠንቋዮች ሸንጎ ይህን የመሰለ ቀዳዳ ስጡት።

ከታች ያሉትስ? እንደ ሮማውያን ትውፊት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ494 ተራው ሕዝብ ከተማዋን ጥሎ ወጣና ተራራ ላይ ሰፈረ። ወታደሩም ሠራተኛውም እሱ ስለነበር ባላባቶቹ ተደራደሩ፤ ሕዝቡን የሚወክሉ ትሪቡኖች የተገኙት ከዚያ ነው። ብዙ ልቦለድ አመፅን የሚያየው በጎራዴ ብቻ ነው። እጅን ከቫልቭ ላይ ማንሣት የበለጠ የሚያስፈራበት ዓለም ሠርታችሁ ከሆነ ያንን ተጠቀሙበት።

7. መዋቅሩን ገጹ ላይ ሳታብራሩ አሳዩ

እስካሁን የጻፋችሁት ማስታወሻ ነው፤ እንዳለ ወደ ልቦለዱ አይገባም። «ጥልቂት በሰባት አባላት ምክር ቤት የምትተዳደር ስትሆን ወርክሾፑም ከፍተኛ ተሰሚነት አለው» ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አያስታውሰውም። ይህን ሞክሩ፦ «የምክር ቤቱ አባላት ሲገቡ ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ከወርክሾፑ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቀሩ፤ ማንም ምንም አላላቸውም።»

ማን ማንን ደጅ ያስጠናል? ማን ሳያንኳኳ ይገባል? በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ አንድ ትልቅ ጸጋ አለን፤ አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ። አስተዳዳሪው የቫልቭ ሠራተኛዋን ዓመታት ሙሉ «አንቺ» ሲላት ኖሮ የማሽኑ ሽፋን ያለቀ ቀን «እርስዎ» ካላት፣ የሥልጣን ሽግግሩን አንባቢው በአንድ ቃል ያየዋል። ይህን ካደረጋችሁ ከሥሩ ማብራሪያ አትጨምሩ። ለየገጸ ባሕርያቱ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ዝርዝር ያዙ፤ ሳታስቡት ከተዛባ አንባቢው ትርጉም ይፈልግለታል። ከእውነተኛ ታሪክ የምናውቃቸውን ማዕረጎችም በጥንቃቄ ተጠቀሙ፤ ከነትዝታቸው ነው የሚመጡት።

8. አንድ ቦታ ስበሩት

መዋቅሩ ሲያልቅ አንድ ሰው ወይም አንድ ዕቃ አውጡበትና የመጀመሪያውን ሰዓት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጻፉ። በጥልቂት ከዘጠኙ ሰዎች ሦስቱ በአደጋ ይሙቱ። በመጀመሪያው ሰዓት ምክር ቤቱ ሞቱን ይደብቃል። በሳምንቱ የቀሩት ስድስቱ ቤታቸው በጠባቂ መከበቡን ያያሉ፤ ለደኅንነታቸው ነው ይባላሉ። በዓመቱ ወይ ሙያውን ለሕዝብ ያስተምራሉ፣ ወይ ለልጆቻቸው ብቻ አስተምረው መሳፍንት ይሆናሉ፣ ወይ ከመካከላቸው አንዱ አሠራሩን ይዞ ለሌላ ከተማ ይሸጣል። ምንም የማይለወጥ ከሆነ ያወጣችሁት ነገር ለመዋቅሩ ጌጥ ነበር ማለት ነው፤ ሌላ አውጡና ድገሙት። ሲሰበር ብዙ ሰው ምርጫ ውስጥ የሚገባበትን ስብራት ምረጡና ዋና ገጸ ባሕርያችሁ የት እንደቆመ እዩ። ከምርጫዎቹ አንዱ በእሱ እጅ ካልሆነ፣ ሥራውን ቀይሩለት ወይም ዝምድናውን፤ ለምሳሌ ከሞቱት የአንዱ ተማሪ አድርጉት፣ ግማሹን ብቻ የተማረ።